ሦስት አማራጭ ለአንድ ኪችን

ደንበኛ "ኪችኔን ማሳደስ እፈልጋለሁ" ብሎ ሲደውል አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው በቴሌግራም ቀድሞ ይደርሳል። ነጭ ካቢኔት፣ መሐል ወለሉ ላይ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከኮርኒስ የተንጠለጠለ መብራት። ፎቶው ውስጥ ምጣድ የለም። የሊጥ ባልዲ፣ የውሃ በርሜል፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት በርጩማም የሉም። የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው ከነዚህ ከጎደሉት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጀማሪ የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ፣ ለረቂቅ ነዳፊና ንድፍም ሥራም አብሮ ለሚይዝ የፊኒሺንግ ኮንትራክተር ነው። የሚመለከተው የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው፤ ማለትም ዝርዝር ሥዕል ከመውጣቱ፣ ካቢኔት ከመታዘዙ በፊት ለደንበኛው የሚቀርቡትን አማራጮች። ለምሳሌ እንዲሆነን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤት እንውሰድ፤ ኪችኑ 2.40 ሜትር ስፋት፣ 3.20 ሜትር ርዝመት አለው። በሩ በአንዱ ጠባብ ጎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊቱ፣ የቧንቧው ሻፍት በቀኝ ግድግዳ፣ ሳሎኑ ከግራው ግድግዳ ጀርባ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። አንዱን አቀማመጥ በነጭ፣ በግራጫና በእንጨት መልክ ማቅረብ ሦስት አማራጭ አይባልም፤ አንድ አማራጭ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ይለያያል። እያንዳንዱ አማራጭ ቤተሰቡ ሊወስነው የሚገባ ትልቅ ጉዳይ ላይ የተለየ መልስ መያዝ አለበት። ምጣዱ የት ይሁን? ግድግዳው ይከፈት ወይስ ይቆይ? በበዓል ሦስት ሰው ይግባበት ወይስ በአዘቦት አንድ ሰው ይመቸው? ደንበኛው ሦስቱን ሲያይ የሚመርጠው አኗኗር እንጂ ቀለም እንዳይሆን ነው ልፋቱ ሁሉ።

መጀመሪያ ምግብ የሚሠራውን ሰው ያግኙ

"ምን ዓይነት ስታይል ይፈልጋሉ?" ብለው አይጀምሩ። ያንኑ ፎቶ መልሰው ያሳዩዎታል። "ትናንት ምሳውን ማን ሠራው?" ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምግቡን የሠራው የደወለልዎት ሰው አይደለም። ከፋዩ ባልየው ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ ይሆናል፤ ምጣዱ ሥር የምትቆመው ግን እናት ናት፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ። ሁለቱንም ሳያነጋግሩ ከቤቱ አይውጡ።

እናትየዋን "እማማ፣ እንጀራ በሳምንት ስንቴ ይጋገራል? ወይስ ከውጭ ነው የሚገዙት?" ይበሏቸው። ሊጡ የት እንደሚቀመጥ፣ የጾምና የፍስክ ዕቃ ተለይቶ እንደሆነ፣ ለፋሲካና ለገና ስንት ሰው ኪችን እንደሚገባ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚበስል ይጠይቁ። ሠራተኛዋን ደግሞ ለብቻዋ፣ አሠሪዎቿ በሌሉበት፣ "እህቴ፣ እዚህ ስትሠሪ ከሁሉ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?" ቢሏት በአንድ ደቂቃ የምትነግርዎትን ከባለቤቶቹ በአንድ ሰዓት አያገኙትም። "ሰታቴው ሲንኩ ውስጥ አይገባም፣ መታጠቢያ ቤት ወስጄ ነው የማጥበው" ካለች፣ የሲንኩ ጉዳይ እዚያው ተወሰነ።

ትልቁን ድስት አስወጥተው ይለኩት። ቀልድ አይደለም። የዶሮ ወጥ ብረት ድስት አፉ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ገበያ ላይ ያለው ባለ ሁለት ጎድጓዳ ሲንክ አንዱ ጎድጓዳ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ አይረዳውም። አንድ ሰፊና ጥልቅ ጎድጓዳ ያለው ይሻላል፤ ዶሮም ሲበለት እዚያው ይታጠባል።

ልኬት

ሜትርና ወረቀት ይበቃል፤ ሌዘር ካለ ጥሩ። የግድግዳውን ርዝመት በሦስት ከፍታ ይለኩ፦ ወለሉ አጠገብ፣ ባንኮው በሚያርፍበት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ እና የላይኛው ካቢኔት በሚሰቀልበት። ብሎኬት ላይ የተለጠፈ ልስን ቀጥ ብሎ የማይወርድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ትንሹን ይያዙ። ሁለቱን ሰያፎችም ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ማዕዘኑን አልጠበቀም ማለት ነውና ካቢኔቱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ክፍተት ያሳያል። ከዚያ የመስኮቱ ደፍ ከወለል ስንት እንደሆነ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ የፍሳሽ ቱቦው መሐል ከግድግዳና ከወለል ስንት እንደሚርቅ፣ ኮለንና ቢም የት እንደሚወጡ ይመዝግቡ። አራቱንም ግድግዳ ፎቶ ያንሱ፣ ኮርኒሱንም ጨምሮ። ቢሮ ተመልሰው "ያቺ ሶኬት የት ነበረች?" ማለት አይቀርም።

የኤሌክትሪኩን ነገር በችኮላ አይለፉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ነው። ለ16 አምፒር የተሠራ ተራ ሶኬት በዚህ ጭነት ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ስለዚህ ምጣዱ በማንኛውም አማራጭ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኖረዋል፤ የሽቦውን ውፍረት ኤሌክትሪሺያኑ ይወስን። ምጣዱ፣ ስቶቩና የሻወር ውሃ ማሞቂያው አንድ ላይ ቢበሩ የቤቱ ዋና ብሬከር ይችል እንደሆነም ያንብቡ። የማይችል ከሆነ ደንበኛው አሁን ይወቀው። ካቢኔቱ ከተሰቀለ በኋላ መስማት ሌላ ጠብ ነው።

የማይነኩትን በቀይ

ልኩን በ1፡50 ያንሱት። በእጅም በአውቶካድም ቢሆን ለዚህ ደረጃ ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም የእጅ ሥዕል ደንበኛው ደፍሮ "ይህን አንሳው" እንዲል ያደርጋል፣ ያማረ የኮምፒውተር ምስል ግን ያለቀ ስለሚመስል አፍ ያስይዛል።

በዚህ መሠረት ሥዕል ላይ የማይንቀሳቀሰውን በቀይ ያቅልሙ፦ ኮለን፣ ቢም፣ ሻፍት፣ የፍሳሽ ቀጥ ቱቦ፣ መስኮት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እነዚህ የአንድ ቤት ንብረት ብቻ አይደሉም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ የሆነውንና የግል የሆነውን የሕንፃ ክፍል ይለያል፤ መዋቅርና የጋራ መስመር መንካት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩንም፣ የወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍልም ይመለከታል። ግድግዳ የሚያፈርስ አማራጭ ካለዎት ሥዕሉ ላይ "ፈቃድ ያስፈልገዋል" ብለው በትልቁ ይጻፉበት።

ሲንክን ማንቀሳቀስ ከሁሉ የሚፈትን ፍላጎት ነው፤ ሁሉም ሰው መስኮት ሥር ይፈልገዋል። ፍሳሽ ግን ቢያንስ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መዝቀዝ አለበት። ሲንኩ ከሻፍቱ 2 ሜትር ከራቀ ቱቦው 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ሶሌታውን መቆፈር ስለማይፈቀድ ደግሞ ቱቦው ከወለል በላይ፣ በካቢኔቶቹ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ይቻላል፤ ግን መሳቢያዎቹ ያጥራሉ፣ ቱቦው ሲደፈን መክፈቻው ያስቸግራል። ይህን ዋጋ እያወቁ ይሳሉት።

ምጣዱን ሳያስቀምጡ ምንም አያስቀምጡ

የውጭ መጻሕፍት ሲንክን፣ ምድጃንና ፍሪጅን በሦስት ማዕዘን ያገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ጥናት ጋር የሚያያዝ ደንብ ነው፤ የሦስቱ ጎኖች ድምር ከ4 እስከ 8 ሜትር አካባቢ እንዲሆን ይመክራል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ አርክቴክቷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት የሠራተኛ ቤቶች የነደፈችው ኪችን 1.90 በ3.40 ሜትር ገደማ ነበር። የእኛ ምሳሌ ኪችን ከዚያ ብዙም አይርቅም። እሷ ግን የነደፈችው አንዲት ሴት ብቻዋን በጥቂት እርምጃ እንድትጨርስበት ነው። የእኛ ኪችን በአዘቦት አንድ ሰው ይይዛል፣ በበዓል ዋዜማ ግን አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሌላዋ ዶሮ ስታጥብ፣ ሦስተኛዋ እንጀራ ስትጋግር ይገኛል፤ ፍሪጁም ብዙ ቤት ሳሎን ነው ያለው። ሦስት ማዕዘኑን እንደ ማነጻጸሪያ ይያዙት፣ አይገዙለት። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ከሊጡ ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ መሶቡ ያለው ነው።

ምጣድ ከነክዳኑ 60 ሴንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ስፋትም ጥልቀትም 70 ሴንቲ ሜትር ይስጡት። 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ባንኮ ላይ ሲቀመጥ ሊጡን ዙሪያውን ለማፍሰስ ክንድ ይነሳል፣ ትከሻ ይደክማል፤ ሩቁን ጠርዝ ለማየትም አጭር ሰው ይንጠራራል። 70 ወይም 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ይሻላል። እርግጠኛውን ከፍታ ለማግኘት ቤት ያለውን የምጣድ መቀመጫ ይለኩና ጋጋሪዋን "ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ?" ይበሏት። ከበላዩ ካቢኔት አይስቀሉ፤ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ኤምዲኤፉን ያሳብጠዋል፣ ጠርዙን ያላቅቀዋል። ቦታው መስኮት አጠገብ ነው፤ ካልተቻለ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ያለው የእንፋሎት መሳቢያ ያስፈልገዋል። አየሩን አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ዓይነት ለእንፋሎት ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ውሃ። በፈረቃ የሚደርስበት ሰፈር ከሆነ 200 ሊትር በርሜል ቦታውን በሥዕሉ ላይ ያግኝ፤ ሙሉ ሲሆን 200 ኪሎ ነውና የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አይቀመጥም። ጄሪካን ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ከሲንኩ አጠገብ ካቢኔት የሌለው 40 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ። ቡታጋዝ ካለ ሲሊንደሩ አየር በሚነፍስበት ይሁን፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ታች በኩል የአየር ቀዳዳ ይኑር፣ የወለል ፍሳሽ አጠገብም አይሁን። ከሰል ለቡና ብቻ ነው የሚሉ ቤቶች እንኳ መብራት ሲጠፋ ወጥም ይሠሩበታል፤ የተዘጋ ኪችን ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላልና የሚከፈት መስኮት የሚዘጋ አማራጭ ጨርሶ አይሳሉ።

ሦስቱን መንደፍ

በምሳሌያችን ኪችን እንሞክረው።

የመጀመሪያው "ሁሉም ባለበት" ይባል። ሲንክ ከሻፍቱ አይርቅም፣ ቧንቧ አይነካም። በቀኝ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባንኮ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ፍሪጅ በሩ ጋ፣ ከዚያ ሲንክ፣ መክተፊያ፣ ስቶቭ። በግራ ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ የዕቃ መደርደሪያ ከወለል እስከ ላይ ይቆማል፤ የጾሙ በአንድ ወገን፣ የፍስኩ በሌላው። መተላለፊያው 1.40 ሜትር ይቀራል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለመክተፍ ይበቃል። ምጣዱ የግራውን የመስኮት ጥግ ይይዛል፣ እዚያ ጋ መተላለፊያው ወደ 1.10 ይጠባል። ርካሹም ፈጣኑም ይህ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከሦስት ደንበኛ ሁለቱ መጨረሻ ላይ የሚመለሱት ወደዚህ ነው፤ ያም ሆኖ ለብቻው ቢቀርብ "ምንም አልተሠራም" ይላሉ።

ሁለተኛው "ሁለት ባንኮ"። ግራና ቀኝ 60፣ መሐል 1.20 መተላለፊያ። ምጣዱ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ መስኮቱ ሥር፣ በሁለቱ ባንኮዎች መሐል ይገባል። ጋጋሪዋ ሊጡን በግራዋ፣ እንጀራ ማውጫውን በቀኟ ታገኛለች፤ መጋገር ለሚዘወተርበት ቤት ይህን የሚያህል የለም። የሥራ ቦታው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የሚከፈለው ግን በርጩማው ነው፤ 1.20 ውስጥ አንድ ሰው ከተቀመጠ ሌላው አያልፍም። ጀርባ ለጀርባ ሁለት ሰው ቆሞ ይሠራበታል፣ ሦስተኛው ሳሎን ይከትፋል። ይህን በቃል ይንገሯቸው፣ በሥዕሉም ላይ ሦስት ሰው ይሳሉበት።

ሦስተኛው "የተከፈተ"። ከሳሎኑ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ላይ 1.50 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት መሰል ክፍተት፣ ከበታቹ የመብያ ባንኮ። ግድግዳውን በሙሉ ከማፍረስ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ብሎኬቱ ጭነት የማይሸከም ሙሊት ቢሆንም እንኳ በውስጡ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሊያልፍ ይችላል፣ ከበላዩም ቢም አለ፤ መሐንዲስ ሳያየው አይነካም። ከዚህም በላይ የሽታ ጉዳይ አለ። የሚቆላ ቡና ሳሎን ቢገባ እንግዳ ይደሰታል፤ የቁሌት ሽታ ግን መጋረጃና ሶፋ ላይ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ ክፍተቱ ተንሸራታች መስታወት ይኑረው፣ ምጣዱም ከኪችኑ ይውጣ። ወዴት? በረንዳ ካለ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ፣ ወይም ግቢው ውስጥ ያለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ። እነዚህ ሕንፃዎች በኮንዶሚኒየም ሳይቶች የተሠሩት እንጀራ ለመጋገር፣ ለልብስ ማጠብና ለእርድ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ግን ለሌላ ሥራ ውለዋል። የዚህኛው ሳይት የሚሠራ መሆኑን ሄደው ይዩ እንጂ አለ ብለው አይገምቱ። ቤቱ እንጀራ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ይህ አማራጭ ከሦስቱ የሚያምረው ነው፤ በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት ከሆነ ግን ሳያስቡት የሚጸጽት።

ከሦስት በላይ አያቅርቡ። አራተኛ ሲመጣ ደንበኛው ከየአንዱ የወደደውን ቆርጦ እንዲገጣጠምለት ይጠይቃል።

ስለ ማቴሪያል በዚህ ደረጃ ብዙ አይናገሩ፤ ሁለት ነገር ግን አቀማመጡን ስለሚነካ ይነሳ። የእኛ ሰው ወለል በውሃ ነው የሚያጥበው። የካቢኔቱ እግር ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ከሆነ በጥቂት ዓመት ያብጣል፣ ስለዚህ ሴራሚክ የለበሰ 10 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶ ዞኮሎ ላይ ይቀመጥ፤ ከተሠራ በኋላ ግን ስለማይነቀል የካቢኔቱን መስመር ከወዲሁ ይወስናል። ሁለተኛው፣ እብነ በረድ ሎሚና እርድ ይይዘዋል። ግራናይት ይሻላል።

ማቅረብ

አማራጮቹን በስልክ አይላኩ። ቤቱ ሄደው፣ ምግብ የምትሠራው ባለችበት ያሳዩ። እያንዳንዱ አንድ ገጽ ይሁን፦ ከላይ የወለል ሥዕሉ፣ ከሥሩ በእጅ የተነሳ አንድ እይታ፣ ከዚያ "የሚያገኙት" እና "የሚያጡት" በሁለት በሁለት መስመር። የሚያጡትን የማይጽፍ ነዳፊ በኋላ ይጠየቅበታል።

ከዚያ ወረቀቱን ያስቀምጡና ጠመኔ ያውጡ። የሁለተኛውን አማራጭ ባንኮዎች ወለሉ ላይ በትክክለኛ ልካቸው ያስምሩ፤ ሁለት ሰው በመሐሉ እንዲተላለፍ፣ የፍሪጁ በር የሚደርስበትን እንዲያዩ ያድርጉ። 1.20 ሜትር በወረቀት ላይ ሰፊ ይመስላል። እማማ "እዚህ ጋ ተቀምጬ ልይ" ብለው በርጩማ ካስመጡ ስብሰባው ተሳክቷል፤ ዝም ብለው ማስታወሻ ይያዙ።

ዋጋን በተመለከተ የተጣራ ቁጥር አይስጡ፤ ገደብ ይስጡ፣ ቀኑንም ይጻፉበት፣ ምክንያቱም የእንጨትና የግራናይት ዋጋ ሰንብቶ አይገኝም። አናጺው በመስመር ሜትር ይሁን በካሬ የሚጠራው አስቀድመው ያጣሩ። የላይና የታች ካቢኔት ባለው 3.20 ሜትር ግድግዳ ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች የተራራቀ ድምር ይሰጣሉ፣ ደንበኛውም የሚያነጻጽረው ድምሩን ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩንና የቧንቧውን ወጪ ከካቢኔቱ ለይተው ያሳዩ፤ ሰው ካቢኔቱን እያሰበ ሽቦውን ይረሳል።

ስለ ራስዎ ክፍያም አይፈሩ። ለልኬትና ለሦስቱ አማራጮች ቀብድ ሳይቀበሉ ሥዕል አይተዉ። በዚህ ዙር የሚሰጡት ገጽ የክፍሉን ዋና ልክ ብቻ ይያዝ፤ የየካቢኔቱ ዝርዝር ልክ የሚወጣው ውል ሲፈረም ነው። ያለበለዚያ ወረቀቱ ሰፈር ላለው አናጺ ይሰጥና በሚቀጥለው ወር ካቢኔቱ ተሰቅሎ ያዩታል፣ ምጣዱ ደግሞ በር ሥር።

ደንበኛው ከአንዱ ሲንክ፣ ከሌላው መደርደሪያ ቢወድ ክፉ አይደለም፤ የተቀላቀለውን በአንድ አዲስ ገጽ አንስተው ዳግም ያሳዩ። ማሻሻያው አንድ ዙር እንደሆነና ከዚያ በላይ እንደሚያስከፍል በመጀመሪያው ቀን ተነግሮ መሆን አለበት። የተመረጠው ገጽ ላይ ከፋዩም ምግብ የምትሠራውም ይፈርሙ፤ ምጣዱ የት እንደሆነ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ ግድግዳ ይነካ እንደሆነ በቃላት ተጽፎ። ኤሌክትሪሺያኑንና የቧንቧ ሠራተኛውን ወደ ቤቱ የሚወስዱት ያን ገጽ ይዘው ነው፤ እነሱ "ይሆናል" ካሉ በኋላ እርስዎ በ1፡20 መሳል ይጀምራሉ።